ሻለቃ ያልተንከባለለበት ቀትር

ከጅጅጋ አውበሬ በአህያ ጋሪ እንሄድ ነበር ስል የዛሬ ልጆች ይስቁብኛል። ይሳቁ። እነሱ የሚያውቁት አስፋልቱን ነው፤ ጅጅጋ ቁርስ በልተው አውበሬ ሻይ የሚጠጡበትን። የእኛ መንገድ ሁለት ቀን ይፈጅ ነበር፤ ወሬው ከጣመ ደግሞ ሦስት። ወሬ ሲጥም አህያም ቀስ ይላል። አንድ ጊዜ እንዲያውም አንዱን ታሪክ መሀል ላይ ባቋርጠው አህያዬ ቀጥ ብላ ቆማ፣ ዞር ብላ «ከዚያስ?» በሚል ዓይን አይታኛለች። እስክጨርስላት አልተነቃነቀችም።

መልአክ እባላለሁ። አባቴ ከመንዝ መጥቶ ጅጅጋ ሱቅ የከፈተ ሰው ነው፤ ስሙን ያወጣልኝ ጠባዬ ሳይገለጥ ነው። ከስድስተኛ ክፍል ወጥቼ ጋሪ ያዝኩ። ያኔ ጅጅጋ ውስጥ ውሃውም፣ ሲሚንቶውም፣ ከክሊኒክ የሚመለሰው በሽተኛም የሚጓዘው በአህያ ነበር። እኔ ግን ከሁሉ የምወደው ከከተማ የሚያስወጣውን ረዥም መንገድ ነበር፤ ከመንገዱም መፍታቱን። ቀትር ላይ ግራር ሥር ደርሰህ ጠፍሩን ስትፈታ፣ ላብ የጠጣው ቆዳ ሲሸትህ፣ ጋሪው ሁለት ዘንጎቹን መሬት ላይ ጥሎ እንደሚሰግድ ሰው ድፍት ሲል፣ አንተም አብረህ የተፈታህ ይመስልሃል። ዛሬ የመኪና ሞተር ሲጠፋ በሰማሁ ቁጥር ያንን ስሜት እጠብቃለሁ። አይመጣም። ሞተር ይቀዘቅዛል እንጂ አያርፍም።

ረዥም መንገድ ስንወጣ አለቃችን ሱጉሌ ነበር። ጢሙን በሂና ያቀላ፣ ከሲታ፣ ከአህያ ጋር በሹክሹክታ ከሰው ጋር በጩኸት የሚያወራ ሽማግሌ። የእረፍት ሕግ ነበረው፤ ከሕጉ ፈቀቅ ያለ ሰው ዳግመኛ ከሱ ጋር መንገድ አይወጣም። አህያውን ትፈታለህ፣ ጀርባውን በመዳፍህ ታሽለታለህ፣ ከጋሪው ኋላ ወስደህ ትለቀዋለህ። ከዚያ ጀርባህን ሰጥተኸው ትቀመጣለህ። አታየውም፣ አትጠራውም። እሱ መሬቱን ያሸታል፣ ይዞራል፣ ይንበረከካል፤ ከዚያ አራት እግሩን ወደ ሰማይ ሰቅሎ አፈሩ ላይ ይንከባለላል። ተነስቶ ይራገፍና በአፍንጫው «እፍፍፍ» ይላል። ይቺን ትንፋሽ ስትሰማ ነው የምትዞረው። ትንፋሿ ካልተሰማች ማንም አይጠምድም፤ ንጉሥ ቢቸኩልም።

«ለምንድነው የማናየው?» ብዬ ጠይቄው ነበር መጀመሪያ ሰሞን።

«አንተ ሱሪህን ስትፈታ ሰው ቆሞ ቢያይህ ትወዳለህ?»

«አልወድም።»

«ወርያ፣ እሱስ ሰው አይደለም ወይ?» አለኝ ሱጉሌ። አህያ መሆኑን ላስታውሰው ፈልጌ ዱላውን አይቼ ተውኩት። «ዓይን ሥር የሚያርፍ ፍጡር የለም። ያልተንከባለለ አህያ ደግሞ ድካሙ ጀርባው ላይ እንዳለ ነው። ያንን ብትጠምድ ሁለት ጋሪ ነው የምታስጎትተው።»

ነገሩ የሆነው ረመዳን ጥር ላይ በገባበት ዓመት ነው። ጓደኛዬ ጉሌድ ሊያገባ ነበር። ጉሌድ እንደኔው ጋሪ ነጂ ነው፤ ትከሻው እንደ በር የሰፋ፣ አፉ እንደ በር የተዘጋ። የሁለታችንንም ወሬ የማወራው እኔ ነበርኩ። ሙሽራዋ ኢልሃን የአውበሬ ልጅ ናት። አባቷ ባሬ ቃሉን የማያጥፍ ሰው ነው፤ ቃሉም «ቤቱ ሙሉ ሆኖ ካላየሁ ኒካህ የለም» የሚል ነበር። ሙሉ ማለት በዚያን ጊዜ አልጋ፣ ምንጣፍ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ባለ መስታወት ቁምሳጥን ነው።

አልጋውም ምንጣፉም ቀድሞ ገብቷል። ቁምሳጥኑም ሄዶ ነበር፤ በጭነት መኪና። ያ መንገድ ያኔ ቆርቆሮ ላይ እንደ መንዳት ነው፤ አውበሬ ሲደርስ መስታወቱ ጨው ሆኖ ወረደ። ባሬ ስብርባሪውን አይቶ «ይሄ ሙሽራ ቤት አይገባም» አለ። ቀጥሎ የተናገረው ነው ጉሌድን እንቅልፍ የነሳው። «እስከ ሐሙስ መግሪብ፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ፣ ቃሌ ካንተ ጋር ነው። ከዚያ ረመዳን ይገባል፣ ረመዳን ሰርግ የለም። ከረመዳን በኋላ ግን ጆሮዬ ለጠየቀኝ ሁሉ ክፍት ነው።»

የሚጠይቀው ሰው ደግሞ የታወቀ ነበር። ጀዕፈር የሚባል ያውበሬ ነጋዴ፣ አዲስ አይሱዙ ያለው። ኢልሃንን አንዴ አስጠይቆ ነበር፤ እሷ ጉሌድን ስላለች ነው የተመለሰው። አይሱዙውን ግን በየቀኑ በባሬ በር ሥር ያቆማል። ጥላ ፍለጋ ነው ይላል።

ስለዚህ ሁለተኛው ቁምሳጥን በአህያ እንዲሄድ ተወሰነ። አህያ ጉድጓድ አይቶ ይረግጣል፤ አይሱዙ ረግጦ ነው የሚያየው። መስታወቱን እንድትጠብቅ የኢልሃን አክስት ሳዳ ከአውበሬ ተላከች። እኛም እንደ ቤተሰቡ «ኤዶ ሳዳ» እንላት ነበር፤ ኤዶ አክስት ማለት ነው። ስትስቅ ጡት የምታጠባ ፍየል የምታስደነግጥ፣ ስትቆጣ ደግሞ ዝም የምትል ሴት ናት። ዝምታዋ ይብስ ነበር።

ሦስት ጋሪ ሆነን ወጣን፤ ፊት ሱጉሌ፣ መሀል ጉሌድ ከነቁምሳጥኑ፣ ኋላ እኔ ፍራሽና ሳፋ ጭኜ፣ ኤዶ ሳዳን ፍራሹ ላይ አስቀምጬ። የጉሌድ አህያ ሻለቃ ይባላል። ደርግ ሲወድቅ ሠራዊቱ ሲበተን አብሮ ተበትኖ የመጣ ነው፤ ለወታደር ውሃ ያመላልስ ነበር ይባላል። ማዕረጉን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ሻምበል ልለው ነበር፤ ጆሮውን ሳየው አነሰበት።

መስታወት ተኝቶ ከሄደ ይሰነጠቃል ብላ ኤዶ ሳዳ ስለከለከለች ቁምሳጥኑ ቆሞ ታሰረ። መስታወቱ ወደ ኋላ ዞሮ፣ ብርድ ልብስ ተሸፍኖ። ሜዳው ጠፍጣፋ ስለሆነ ከሩቅ የሚታየው እሱ ብቻ ነበር። አንድ መንደር ስንደርስ ሽማግሌዎቹ የመስጊድ ሚናራ እየተራመደ የሚመጣ መስሏቸው ለሶላት ዉዱእ አድርገው ጠበቁን። አንዱ ጫማውን ሁሉ አውልቆ ነበር። (ይሄን ጉሌድ አላስታውሰውም ይላል፤ ጉሌድ የሚያስታውሰው የገዛ ጭንቀቱን ብቻ ነው።)

የመጀመሪያው ቀን ሰላም ነበር። በፈታንበት ቦታ ሁሉ ሻለቃ በወታደር ደንብ ተንከባልሎ፣ ተራግፎ፣ ትንፋሹን አሰምቶናል። በማግስቱ ሐሙስ ነው። ጉሌድ ጠዋት ነጩን ሸሚዝና አዲሱን ሽርጥ ለበሰ፤ ስንደርስ የመልበሻ ጊዜ አይኖርም፣ በቀጥታ ወደ ኒካህ ነው። ቀትር ላይ የመጨረሻዋ እረፍታችን ደረስን፤ መንገዱ ዳር ለብቻዋ የቆመች ሰፊ ግራር። ከሷ በኋላ አውበሬ ድረስ መፍታት የለም።

ፈታን። አህዮቹን ከጋሪዎቹ ኋላ ለቀቅን። ጀርባችንን ሰጥተን ጥላዋ ሥር ተቀመጥን። ኤዶ ሳዳ እሾህ እንዳይወጋት አንጥፋ ተቀመጠች። ተምር ተቃመሰ።

የሱጉሌ አህያ «እፍፍፍ» አለ። ቀጥሎ የኔዋ። የሻለቃ ትንፋሽ ግን አልመጣም።

«ምንድነው የምንጠብቀው?» አለች ኤዶ ሳዳ።

«ሻለቃን» አልኳት።

«ምን እያደረገ ነው?»

ሱጉሌ ጆሮውን አቀና። «ቆሟል። ኮቴው አይሰማም።»

ጠበቅን። ጥላው ከእግራችን ተንሸራትቶ ሄደ። ጉሌድ ሸሚዙን ቆለፈ፣ ፈታ፣ ቆለፈ።

«ሱጉሌ፣ ፀሐይዋ ዘንበል አለች።»

«ታየኛለች።»

«ባሬ ሰዓት አይለውጥም።»

«አህያም አይለውጥም።»

«ጀዕፈር ይሄኔ አይሱዙውን እያጠበ ነው» አለች ኤዶ ሳዳ ተምር እያኘከች፤ ለማንም ሳይሆን ለግራሯ እንደምትናገር። «ጎማውን ሳይቀር ዘይት ይቀባዋል።»

ጉሌድ ብድግ አለ። ጠፍሩን ከመሬት አነሳ። እኛ ጀርባችንን እንደሰጠን ነን፤ የቆዳውን ሲጥ ሲጥ ግን ሰማን።

«ጉሌድ» አለ ሱጉሌ፣ ሳይዞር፣ ሳይጮህ። ሳይጮህ ሲናገር ያን ቀን ነው የሰማሁት።

«ልጠምደው ነው፣ አባቴ። ቤቴ ሊፈርስ ነው።»

«ጥመደው። ያንተ አህያ ነው። እኔ ግን የሰርግህን ሩዝ አልበላም።»

ጠፍሩ ዝም አለ። ኤዶ ሳዳም ማኘኳን አቆመች፤ ያቺ የምትፈራው ዝምታዋ መጣች። የኢልሃን ቤተሰብ ጆሮ እሷ ናት፤ ያየችውን ሁሉ ማታውኑ ትዘረግፈዋለች።  ከዚያ ጉሌድ ጠፍሩን መሬት ላይ መልሶ አስቀመጠው፤ ሳይወረውር፣ ቀስ አድርጎ።

«መልአክ» አለኝ። ድምፁ የሱ አይመስልም። «ምን ይሻላል?»

እንግዲህ እኔን ነው የጠየቀው። ሌላ ሰው ቢጠይቅ ሌላ መልስ ያገኝ ነበር።

«ረስቶት ነው» አልኩት።

«ምኑን?»

«መንከባለሉን። ወታደር ቤት ያደገ አህያ እኮ ነው፤ መንገድ ሲረዝምበት ደንቡ ይጠፋበታል። ደምበል ወረዳ አንድ ግመል መንበርከክ ጠፍቶበት፣ ባለቤቱ አብሮት እየተንበረከከ ነው ያስታወሰው። ሰውዬው እስከ ዛሬ ሲቀመጥ በጉልበቱ ነው የሚጀምረው።»

«ዋላሂ?»

«ዋላሂ አልልም፤ ግመሉን ግን አውቀዋለሁ።»

ላስቀው ብዬ ነበር። ግን የጨነቀው ሰው ቀልድ አይለይም። ጉሌድ ወደ ሻለቃ ሄደ። አንድ ነገር መሬት ላይ ዷ ሲል ሰማን፤ ከዚያ የሚፈተግ ነገር ድምፅ። አቧራ በጭንቅላታችን ላይ አለፈ።

«ተንከባለለ!» አለች ኤዶ ሳዳ።

«ይሄ የአህያ አይደለም» አለ ሱጉሌ፤ ዓይኑን በሁለት እጁ ሸፈነ። «አህያ ሲንከባለል ‹ወይኔ ወገቤ› አይልም።»

ኤዶ ሳዳ ሕጉን ጥሳ ዞረች። ሙሽራው፣ በነጭ ሸሚዙ፣ በአዲስ ሽርጡ፣ እጅና እግሩን ወደ ሰማይ ሰቅሎ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ይገላበጣል፤ ሻለቃን ቀና ብሎ እያየ «እንዲህ፣ እንዲህ ነው፣ ወንድሜ» ይለዋል። ሻለቃ ግን እሱን አያይም፤ በላዩ ላይ አሻግሮ ወደ ቁምሳጥኑ አፍጥጧል። ኤዶ ሳዳ ሳቀች። ሳቋ ግራሯ ላይ ያሉትን ወፎች አስነሳ። እየሳቀች ዓይኗን ለመጥረግ ቀና ስትል፣ ሳቋ ተቆርጦ ጮኸች።

«ያ አላህ! ሁለት ሆነ! ሙሽራው ሁለት ሆነ!»

ሁላችንም ዞርን። መስታወቱ ራቁቱን ነው። ውስጡ አንድ ጉሌድ ይንከባለላል፤ ከጉሌዱ በላይ አንድ አህያ ቆሞ ያፈጣል።

«ብርድ ልብሱ የታለ?» አለ ሱጉሌ።

ኤዶ ሳዳ ሥር ነበር። ለእሾሁ ብላ ያነጠፈችው እሱን ነው። ሻለቃ ዕድሜውን ሙሉ መስታወት አይቶ የማያውቅ አህያ፣ ዞር ሲል አንድ እንግዳ አህያ ቆሞ ያየዋል። እንግዳው ዓይኑን አይነቅልም፣ ሻለቃም አይነቅልም። ሁለት ጨዋ ሽማግሌዎች በር ላይ ሲገናኙ እንደሚሆኑት ነው፤ አንተ ቅደም፣ ኧረ አንተ ቅደም፣ እየተባባሉ ቀትሩን ጨረሱት። እኛ ደግሞ አህያውን እንዳናሳፍረው ጀርባችንን ሰጥተን፣ የሚያሳፍረውን ከፊቱ አቁመንበት ተቀምጠናል።

ኤዶ ሳዳ ተነስታ፣ ብርድ ልብሱን አራግፋ፣ መስታወቱን ሸፈነች። ሱጉሌ «ዙሩ!» ብሎ ጮኸ። ዞርን፤ ጉሌድም አፈር እንደለበሰ ዞረ። ሻለቃ መጀመሪያ ጋሪውን ሲዞር ኮቴውን ሰማን፤ ጓደኛውን እየፈለገ ነው። አጣው። መሬቱን አሸተተ። ከዚያ ያ የምናውቀው ድምፅ መጣ፤ ገልበጥ፣ ገልበጥ፣ ርግፍ ርግፍ።

«እፍፍፍፍፍ።»

እንዲህ ያለ ረዥም ትንፋሽ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልሰማሁም። ጉሌድ አብሮት ተነፈሰ።

አሁን ፀሐይዋ ሄዳለች፤ መንገዱ ግን አልሄደም። በአህያ እርምጃ ለመግሪብ የሚደረስ አልነበረም። ያን ጊዜ አንድ ነገር አሰብኩ። እዚህ ጋ ሰው ሁሉ «መልአክ ጀመረ» ይላል፤ ግን ጉሌድንም ኤዶ ሳዳንም ጠይቁ። ቁምሳጥኑን የያዘውን ጋሪ የሱጉሌ አህያ ይጎትት፣ የሱጉሌን ደግሞ ሻለቃ ከኋላው ይጎትት፣ መስታወቱም ይገለጥ አልኩ። 

«መንገድ ላይ ከሆነ» አለ ሱጉሌ፣ «ሕጉ አይከለክልም። ሕጉ ለእረፍት ነው።»

ጠመድን። ሻለቃ ቀና ሲል ጓደኛው ከፊቱ አለ፤ እሱም እንደሱ ተጠምዶ፣ እንደሱ እየጎተተ፣ ፊት ለፊቱ ይመጣል። ይመጣል፣ አይደርስም። ሻለቃ ጆሮውን አቀና፣ አንገቱን ዘረጋ፣ ሶምሶማ ጀመረ። ከፊት ያለው የሱጉሌ አህያም ከኋላው የሚያባርረው ያለ መስሎት ፈጠነ። የኔዋ ብቻዋን እንዳትቀር ተከተለች። ኤዶ ሳዳ ፍራሹ ላይ እየነጠረች አንዴ «ቢስሚላህ» ትላለች፣ አንዴ ትስቃለች። በመንገዱ ላይ አንድ አውቶቡስ ቀደምን። እሺ፣ ቆሞ ጎማ ሲለውጥ የነበረ አውቶቡስ ነው፤ ግን ቀደምነው።

አውበሬ ስንገባ ፀሐይ ኮረብታው ላይ ተቀምጣለች። ባሬ በሩ ላይ ቆሟል። ጀዕፈር አይሱዙው ላይ ተደግፎ ቆሟል። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ቆሟል። ቁምሳጥኑን አራት ሆነን አወረድን፤ አራተኛው ጀዕፈር ራሱ ነበር፤ እጁን አንጠልጥሎ ማየቱ አሳፍሮት ይሁን አላውቅም፣ ግን ከባዱን ጫፍ ነው የያዘው። መስታወቱ ላይ አንድ ጭረት አልነበረም። ባሬ በጣቱ ዳሰሰው። ከዚያ ጉሌድን አየው፤ ከራስ ፀጉሩ እስከ ጫማው ቀይ አፈር፣ ሸሚዙ የጆንያ ቀለም።

«ይሄ ምንድነው? ቁምሳጥኑን ጋልበኸው ነው የመጣኸው?»

እንደ ልማዴ ለጉሌድ ልመልስለት አፌን ስከፍት ኤዶ ሳዳ በክንዷ ጎሸመችኝ።

«አንተ ዝም በል፤ አንተ ከተናገርክ ማን ያምናል» አለችኝ። ወደ ወንድሟ ዞረች። «ባሬ፣ ልጅህን ለሌላ ብትሰጥ እኔ ቤትህ አልገባም። ቀኑ እያለፈበት፣ ጠፍሩን በእጁ ይዞ፣ ድካሙ ያልወጣለትን አህያ አልጠመደም። ለማይናገር እንስሳ እንዲህ ከሆነ፣ ለምትናገረዋማ አስበው።»

ከመስኮቱ በስተጀርባ አንዲት ሴት ሳቀች። ሳቋ የኤዶ ሳዳ ነው፣ በትንሹ። ባሬ ቀና ብሎ ኮረብታውን አየ፤ የፀሐይዋ ጫፍ ገና አልጠለቀም ነበር። «ሸሚዝ ስጡት» አለ። ጉሌድ በጀዕፈር ሸሚዝ አገባ። ሱጉሌ ሦስት ሳህን ሩዝ በላ።

ሱጉሌ ዛሬ የለም፤ አላህ ይማረው። ሻለቃም በጡረታ፣ በማዕረጉ፣ በጉሌድ ግቢ ውስጥ ነው የሞተው። ግራሯን መንገድ ሲሰፋ ቆረጧት። በ2009 መጨረሻ ላይ ጅጅጋ ጉሌድ ቤት ሄጄ ነበር። እሱ አሁን ጭነት መኪና ይነዳል፤ እኔም ባቢሌ ላይ ኦቾሎኒ እሸጣለሁ፣ ለገዢ ሁሉ ከወሬ ጋር። ኢልሃን ሻይ ቀድታልኝ ስናወራ የጉሌድ መኪና በር ላይ ቆመ። ሞተሩ ጠፋ። ጉሌድ ገባ፣ ራሱን ነቅንቆ ሰላም አለኝና ምንጣፉ ላይ በጀርባው ተዘረረ።

«ዙሩ!» አለች ኢልሃን።

ልጆቹ ሁሉ፣ ትልቋ ልጃገረድ ሳትቀር፣ ጀርባቸውን ሰጥተውት ተቀመጡ። ማንም አላወራም፣ ማንም አባባ አላለም። ኤዶ ሳዳ ነች አሉ ሕጉን ቤት ያስገባችው። ትንፋሹ እስኪሰማ ድረስ ሚስቱ እንኳ አትጠይቀውም፤ ስንት ሰው ነው ዛሬ እንዲህ የሚፈታ። እኔም ዞርኩ። አፌንም ዘጋሁ፤ ለምስክር ኢልሃን አለች።

ግን የተቀመጥኩት አብሯቸው ጅጅጋ ከተመለሰው ከዚያ ቁምሳጥን ፊት ለፊት ነበር። መስታወቱ ጠርዙ ላይ እንደ ሻይ ቡናማ ሆኗል፣ መሀሉ ግን ያው ነው። ውስጡ ጉሌድ ተዘርሮ ይታየኛል፤ ትከሻው ያው በር፣ ጢሙ ላይ ሽበት። አቧራው፣ ግራሯ፣ ሱጉሌ እጁን ዓይኑ ላይ አድርጎ፣ ሁሉም በዚያ መስታወት ተመለሱብኝ፤ ዓይኔን መንቀል አቃተኝ። ጠበቅን፣ ጠበቅን። ትንፋሹ አልመጣም።

ጉሌድ አንድ ዓይኑን ገለጠ። በመስታወቱ ውስጥ ተያየን።

«ኢልሃን» አለ። «ብርድ ልብስ አምጪና ይሄን አህያ ሸፍኚልኝ።»